የሁለት ሐኪሞች እራት በቶኪዮ
(በተመራቂዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ደውሎ «ከሙያ ውጪ ስላለው ሕይወት ሃያ ደቂቃ ተናገሪ» ሲለኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። የትኛው ሕይወት? ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር በሽታ ቢሉኝ ስላይዱ በእጄ ነበር። በኋላ ግን ሳስበው ልነግራችሁ የምችለው አንድ ነገር አገኘሁ፤ እሱም አንድ እራት ነው። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ወር እኔና ባለቤቴ ቶኪዮ ውስጥ በአንድ ትንሽ ሱሺ ቤት የበላነው እራት። ባለቤቴን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ እዚሁ መካከላችሁ ተቀምጧል። የምናገረውን አስቀድሜ አስነብቤው ፈቅዶልኛል። «የቾፕስቲኩን ነገር ግን አታንሺ» ብሏል። እሱን እንኳ ቃል አልገባሁለትም።

ስለ እራት ለማውራት እዚህ ድረስ መምጣት ያስፈልጋል ወይ ትሉ ይሆናል። ያስፈልጋል። ምክንያቱም በመጨረሻ ላይ ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎቻችን የማቀርበው ጥያቄ አለኝ፤ ጥያቄው ደግሞ የመጣው ከዚያ እራት ነው።

በቅድሚያ ሁለት ሐኪም በአንድ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ላስታውሳችሁ። ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም፤ ይህ ትምህርት ቤት ሐኪም ብቻ ሳይሆን ባልና ሚስትም ሲያስመርቅ የኖረ ነው። እኛ ከተጋባን አሥራ ሰባት ዓመት ሆነን። እሱ ቀዶ ሐኪም ነው፣ እኔ የውስጥ ደዌ። ሁለት ልጆች አሉን። ልጆቹ ብቻቸውን እንዳያድሩ ዱቲያችንን ሆን ብለን እናፈራርቃለን። እሱ ዱቲ ሲያድር እኔ ቤት ነኝ፣ እኔ ሳድር እሱ ቤት ነው። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ልጆቹ ሁልጊዜ አንድ ወላጅ አላቸው። ሒሳቡን ስትሠሩት ግን፣ ዘዴው በትክክል በሠራ ቁጥር ባልና ሚስቱ አይገናኙም ማለት ነው። የምንነጋገረው በር ላይ ነው፤ ንግግራችንም የሞርኒንግ ሪፖርት ነው። «ትንሹ ሳል አለው፣ ሙቀት የለውም። የትልቋ የቤት ሥራ አላለቀም። ጋዙ ሊያልቅ ነው።» «እሺ።» በቃ። አንዱ ቁልፉን ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል።

እንዲህ ሲባል የተጣላን ሰዎች ነበርን ማለቴ አይደለም። አንጣላም። ለጠብም ኮ ጊዜ ያስፈልገዋል።

ቶኪዮ የሄድኩት ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ነው፤ ስለማይተላለፉ በሽታዎች። ባለቤቴ የዓመት ፈቃዱ ተጠራቅሞበት ስለነበር፣ እህቱ ልጆቹን ልትይዝልን ተስማማችና ለመጨረሻዎቹ አምስት ቀናት መጣ። ሱሺ ቤቱን የመረጡልን የሥልጠናው አስተባባሪ ናቸው፤ ቦታ የያዙልንም እሳቸው። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ መሆኑን የምነግራችሁ፣ ባለቤቴ ረቡዕና ዓርብን ስለሚጾም ነው። እግረ መንገዴን፣ ጾም ይዛችሁ ጃፓን የምትሄዱ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አትክልት ብቻ የሚመስለው ምግብና ሾርባ ብዙውን ጊዜ «ዳሺ» በሚባል መረቅ የተሠራ ነው፤ ዳሺ ደግሞ በአብዛኛው ከባሕር አረምና ደርቆ ከተፋቀ ዓሣ ነው የሚወጣው። ዓሣ የማይነካ ጿሚ አስቀድሞ ይጠይቅ። የቡድሃ ገዳማት ከሥጋና ከዓሣ ንጹሕ የሆነ የራሳቸው ምግብ አላቸው፤ «ሾጂን ርዮሪ» ይባላል፤ ለእኛ ጿሚ የሚስማማው እሱ ነው።

ወደ ሱሺ ቤቱ ልመለስ። በሩ ላይ «ኖሬን» የሚሉት አጭር የጨርቅ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ መጋረጃው ከተሰቀለ ቤቱ ክፍት ነው ማለት ነው። ውስጡ ጠባብ ነው። አንድ ረጅም የእንጨት ባንኮኒ፣ ስምንት ወንበር፣ ከባንኮኒው ማዶ አንድ ሽማግሌ ምግብ ሠሪና አንዲት ረዳት፤ ሌላ የለም። ከወንበሩ ሥር ለቦርሳ የሚሆን ቅርጫት አለ። ቦርሳችንን እዚያ ስናስቀምጥ ስልኮቻችንም አብረው ገቡ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ቶኪዮ ከአዲስ አበባ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ማታ አንድ ሰዓት ላይ እራት ስንቀርብ እዚህ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው፤ ምሳ በልቶ የተመለሰ ሬዚደንት ሁሉ ሲኒየሩን የሚፈልግበት ሰዓት። የባለቤቴ ስልክ ቅርጫት ውስጥ ሆኖ ሦስት ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ሰምቻለሁ። እሱም ሰምቷል። ፈቃድ ላይ ያለ፣ በአውሮፕላን ቀንና ሌሊት ተጉዞ የሚደረስበት አገር ያለ ሰው ምን ሊያደርግ ይችላል? አላነሳውም።

መጀመሪያ የሚቀርበው በሙቅ ውኃ የተነከረ ትንሽ ፎጣ ነው፤ «ኦሺቦሪ» ይሉታል፤ እጅ ይጠረግበታል። የእኛን እጅ ማስታጠብ አስታወሰን። ቀጥሎ ከመብላታቸው በፊት «ኢታዳኪማስ» ይላሉ፤ በትሕትና እቀበላለሁ እንደ ማለት ነው። እሱም የማዕድ ጸሎታችንን አስታወሰን። እስከዚህ ድረስ እንግድነት አልተሰማንም።

ከዚያ በኋላ ግን እኛ አገር የሌለ ነገር መጣ። የምግብ ዝርዝር አይሰጧችሁም። አሠራሩ «ኦማካሴ» ይባላል፤ «ለአንተ ትቼዋለሁ» እንደ ማለት ነው። በዚያ ቀን ከገበያ የተገኘውን ጥሩ ዓሣ አይቶ፣ ምን እንደምትበሉ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደምትበሉ የሚወስነው ሰውዬው ነው። አንድ አንድ ጉርሻ እየሠራ ፊታችሁ ያኖራል። ሩዙ የሰው ገላ ሙቀት ያህል ነው፤ ቀዝቅዞ አይሰጥም፤ ስለዚህ እንደቀረበ ወዲያው መብላት ነው። ከዚያ እሱ ቀጣዩን እስኪሠራ ጥቂት ደቂቃ ይቀራችኋል። በእነዚያ ደቂቃዎች የሚሠራ ነገር የለም። የሚመረጥ የለም፣ የሚታዘዝ የለም፣ የሚፈረም የለም።

እስቲ እኔና እናንተ በአንድ ቀን ስንት ውሳኔ እንደምንወስን አስቡት። ይህ በሽተኛ ይግባ፣ ያ ይውጣ፤ ይህ መድኃኒት ይጨመር፤ አልጋው ለማን ይሰጥ? ኦክስጅኑ ለማን ይቅደም? ቤት ስንገባ «እራት ምን ይሠራ?» የምትለዋ ቀላል ጥያቄ እንኳ ለምን እንደምታደክመን የገባኝ እዚያ ነው። ለሁለት ሰዓት ያህል ውሳኔው የሌላ ሰው ሆነ፤ እኛ መቀበል ብቻ።

ሌላው የአቀማመጡ ነገር ነው። ባንኮኒ ላይ ሰው ጎን ለጎን እንጂ ፊት ለፊት አይቀመጥም። ሁለታችሁም የምታዩት አንድ ነገር ነው፤ የሰውዬውን እጅ። ከበሽተኛ ጋር ከባድ ነገር የተነጋገራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ አንዳንድ ወሬ ዓይን ለዓይን እየተያዩ አይወጣም። መኪና ውስጥ ይወጣል፣ መንገድ ላይ አብሮ ሲሄዱ ይወጣል።

ስድስተኛው ይሁን ሰባተኛው ጉርሻ ላይ ባለቤቴ «አንድ ደብዳቤ አለ» አለኝ። ዓይኑ ባንኮኒው ማዶ ነው።

ከውጭ አገር ሆስፒታል የመጣ የሥራ ጥሪ ነበር። በራሱ ሙያ፣ ለሁለት ዓመት፣ ሊታደስ የሚችል። መልስ የሚጠበቀው እስከ ወሩ መጨረሻ።

«መቼ ደረሰህ?» አልኩት።

«ስድስት ሳምንት ሆነው።»

እኔ ከቤት ከወጣሁ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላኝም። ስለዚህ ሦስት ሙሉ ሳምንት በአንድ ጣሪያ ሥር እያለን ማለት ነው።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ?» አለኝ።

ቁጣ የለበትም፤ ወቀሳም አይደለም። ከልቡ ነው የሚጠይቀኝ። እኔም መልስ ልሰጠው ቀኖቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሰኞ እሱ ዱቲ፣ ማክሰኞ እኔ ዱቲ፣ ረቡዕ እሱ አድሮ መጥቶ ተኝቷል፣ ሐሙስ ድንገተኛ ተጠርቷል፣ ቅዳሜ ለቅሶ፣ እሑድ ልጆቹ። አንድም ቀን አላገኘሁም። በሚቀጥለው ሳምንትም ያው። የአንድን ቤተሰብ ዕድል የሚለውጥ ወረቀት ሦስት ሳምንት ቦርሳ ውስጥ የቆየው ተደብቆ ሳይሆን፣ የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ጠፍቶ ነው።

ከዚያ አወራን። ምን እንደሚስበው ነገረኝ፤ ለኦፕሬሽን ቀጠሮ የያዘ በሽተኛ ዕቃ ጠፍቶ የማይመለስበት ቦታ መሥራት ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ ማየት ይፈልጋል። ምን እንደሚይዘውም ነገረኝ፤ እናቱ አሉ፤ እሱ የጀመራቸው ሬዚደንቶች አሉ፤ እኔ አለሁ። እኔም ያሰብኩትን ተናገርኩ። ያን ማታ ምንም አልወሰንንም። የሽማግሌው ሥራ ግን አልቆመም፤ እኛ ስናወራ ይጠብቃል፣ ዝም ስንል ቀጣዩን ያቀርባል። ቋንቋችንን የሚሰማ ይመስል ነበር።

አሁን ስለ ቾፕስቲኩ። ባለቤቴ ስሜቱ ተነክቶ ይሁን ተደስቶ፣ ብቻ ከፊቱ የነበረውን አንድ ቁራጭ ዓሣ በቾፕስቲክ ይዞ ወደ እኔ ዘረጋ። እኔም በእኔ ቾፕስቲክ ልቀበለው ስል ረዳቷ እጇን አወዛወዘች። ፊቷ ላይ ድንጋጤ አለ። አጠገባችን የተቀመጡ እንግሊዝኛ የሚችሉ አንድ ሰው በትሕትና አስረዱን። ጃፓን ውስጥ ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ የሚቀባበሉት ለቅሶ ላይ ብቻ ነው። አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ ቤተ ዘመዱ ከአመዱ ውስጥ አጥንቱን እየለቀመ በቾፕስቲክ ይቀባበላል። ስለዚህ ማዕድ ላይ ነውር ነው። ቾፕስቲክን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መሰካትም እንዲሁ፤ እሱ ለሙት የሚቀርብ ምግብ ምልክት ነው።

ባለቤቴ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ቾፕስቲኩን አስቀመጠና ሰውዬው ያቀረበለትን ሱሺ በእጁ አንስቶ አጎረሰኝ። ሱሺን በእጅ መብላት እዚያ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የቆየው አበላል እሱ ነው። «አንድ ያጣላል» ብሎ ሁለተኛውን ደገመኝ። ሽማግሌው ሳቁ። ያ ጎረቤታችን «ይህ ምን ይባላል?» ብለው ጠየቁን፤ «ጉርሻ» አልናቸው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ብለው አጠኑት። እነሱ ጋ ደግሞ ለራስ መጠጥ መቅዳት አይወደድም። የጎንህን ሰው ብርጭቆ አይተህ ትቀዳለታለህ፤ እሱም ያንተን አይቶ ይቀዳልሃል። የእኛ ጉርሻና የእነሱ ቅጂ አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት፤ አጠገብህ ያለውን ሰው ቀና ብለህ እንድታይ ያስገድዱሃል።

ሐኪም ፊት ስለ ጥሬ ዓሣ አውርቶ ሕክምናውን መዝለል አይቻልም። በእረፍት ሰዓትም መጠየቃችሁ አይቀርምና አሁኑኑ ልመልስ። አዎ፣ ጥሬ ነው። አዎ፣ በላን።

ጥሬ የባሕር ዓሣ ውስጥ የሚታወቀው ጥገኛ ትል አኒሳኪስ ይባላል። ሰው ሲበላው ጨጓራ ግድግዳ ላይ ይሰካና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት ያመጣል። ሕክምናው ኢንዶስኮፒ ገብቶ ትሉን መንቀል ነው። ኮምጣጤ አይገድለውም፣ ዋሳቢም አይገድለውም። የሚገድለው ሙቀትና ቅዝቃዜ ነው። የአውሮፓ ደንብ ዓሣው እስከ መሐሉ ድረስ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ቢያንስ ለ24 ሰዓት እንዲቆይ ያዛል፤ የአሜሪካው ደግሞ በዚያው ቅዝቃዜ 7 ቀን ይላል። እኛ ክትፎና ቁርጥ ይዘን በሌላው ጥሬ መገረም አያምርብንም። የከብት ኮሶ ትል በአገራችን ስንት ትውልድ የኮሶ ዛፍ አበባ እንዳስጠጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ልዩነቱ አንድ ነው። እዚያ ጥሬ ዓሣ የሚያቀርብ ሰው ዓሣው ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተያዘ፣ እንዴት እንደቆየ ያውቃል። ሽማግሌው እያንዳንዱን ዓሣ ሲያቀርቡ ከየትኛው ወደብ እንደመጣ ይናገሩ ነበር። እኛም ሥጋችን ላይ የሚያስፈልገን ይኸው ነው፤ ምርመራና ቅዝቃዜ።

ሁለተኛው ጉዳይ ጨው ነው። ዓሣና ሩዝ ጤናማ ነው ብሎ የደም ግፊት በሽተኛችሁ ሱሺ ቤት ቢሄድ ሶያ ሶሱን ጠይቁት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ ከ2 ግራም በላይ ጨው አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። ደንቡም ለጤናም ለጣዕምም ይስማማል፤ ሶሱ የሚነካው ዓሣው እንጂ ሩዙ አይደለም፤ ሩዙ ከነከራችሁት እንደ ስፖንጅ ይጠጣዋል። ጃፓኖች ራሳቸው በዕድሜ ከዓለም ቀደምት ቢሆኑም ጨው ግን አሁንም ያስቸግራቸዋል፤ አማካይ ፍጆታቸው በቀን ወደ 10 ግራም ነው። ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ጥሬውን ቢተዉ ይሻላል፤ እንደ ትልቁ ቱና ያሉ ዓሦችም ሜርኩሪ ስላላቸው መጠን ያስፈልጋቸዋል።

ለባዮኬሚስትሪ መምህሮቻችን ደግሞ አንድ ነገር። «ኡማሚ» የሚባለውን አምስተኛ ጣዕም እ.ኤ.አ. በ1908 የለየው በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኬሚስት ኪኩናዬ ኢኬዳ ነው። የባሕር አረም መረቅ ለምን እንደሚጣፍጥ ሲመረምር ግሉታሜት አገኘ። ሱሺም ራሱ አጀማመሩ ኬሚስትሪ ነው። ድሮ ዓሣ እንዳይበላሽ ከሩዝ ጋር ይቀበርና ሩዙ ሲቦካ አሲዱ ዓሣውን ያቆየዋል፤ ሩዙ ይጣላል፣ ዓሣው ይበላል። ሊጣችንን የሚያቦካው ዓይነት ተሐዋስ ነው እዚያም የሚሠራው። ቢዋ በሚባለው ሐይቅ አካባቢ ዛሬም በዚህ መንገድ ይሠሩታል። አሁን እኛ የምናውቀው በእጅ የሚጠፈጠፈው ሱሺ የመጣው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ቶኪዮ ኤዶ ትባል በነበረበት ጊዜ ነው፤ የሚሸጠውም መንገድ ዳር፣ ለሚቸኩል ሠራተኛ ነበር። ሲጀመር ለሩጫ የተሠራ ምግብ ዛሬ እኛን ሁለት ሰዓት አስቀመጠን።

ይህን ሁሉ ስል ጃፓንን ገነት ላደርግላችሁ አይደለም። ከሥራ ብዛት የሚመጣ ሞትን በአንድ ቃል የሚጠራ ሕዝብ ነው፤ «ካሮሺ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ካሮሺን ለመከላከል ሕግ አውጥተዋል። በሐኪሞቻቸው ላይ ያለው ጫናም ከባድ ነው። ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሐኪም የትርፍ ሰዓት ሥራ በዓመት ከ960 ሰዓት እንዳይበልጥ በሕግ ተወስኗል፤ ድንገተኛ ሕክምና ለሚሰጡ አንዳንድ ሆስፒታሎችና ሥልጠና ላይ ላሉ ሐኪሞች እስከ 1,860 ሰዓት ይፈቀዳል። በሳምንት ሲካፈል ይህ ሁለተኛው ከመደበኛው ሥራ በላይ ወደ 36 ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ያ የተረጋጋ ባንኮኒ ካለበት ከተማ፣ ለልጁ ተረት ለመንገር የማይደርስ ሐኪምም አለ። ነገር ግን ቢያንስ ቆጥረውታል። ያልተቆጠረ ሰዓት ሊቀነስ አይችልም።

ጃፓንን ለማየት የሄደ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እኔ አይደለሁም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኛነት ሄደው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳትመዋል። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችንም የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት አብነት ያደረገ ነበር። እነዚያ አባቶቻችን ከዚያ አገር ሊያመጡ የፈለጉት ትልቅ ነገር ነው፤ መንግሥት፣ ፋብሪካ፣ ትምህርት። እኔ ይዤ የመጣሁት ትንሽ ነው፤ አንድ ማታ።

ደብዳቤው ምን ሆነ? አገር ቤት ከተመለስን በኋላ ሁለት ሐሙስ ማታ ቤት ቁጭ ብለን ተነጋገርንበት። ያዘጋጀነው ሱሺ አይደለም፤ ሽሮ ነው። ስልኮቹ ጓዳ። በሁለተኛው ሐሙስ እንደማይሄድ ወሰንን፤ መልሱንም ጊዜው ሳያልፍ ላከ። ይህን ስናገር አዳራሹ ውስጥ ከውጭ የመጣችሁ ብዙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መሄድ ስሕተት ነው፣ መቅረት ጽድቅ ነው አላልኩም። ከእናንተ መካከል ሄዳችሁም ይህን ትምህርት ቤት ያልተዋችሁ አላችሁ፤ እዚህ ኖረንም የተውነው እንኖራለን። እኔ የምለው ሌላ ነው። ስንሄድም ስንቀርም የወሰንነው እኛ እንሁን። ባንነጋገርበት ኖሮ ቀነ ገደቡ አልፎ ደብዳቤው ራሱ ይወስንልን ነበር፤ ከዚያ በኋላ አንዳችን በሌላችን ውስጥ የቀረ ነገር ይዘን እንኖራለን። ባለቤቴ አሁንም አንዳንድ ቀን፣ ኦፕሬሽኑ ሲሰረዝበት፣ ያንን ደብዳቤ ያስበዋል። እኔም እንደሚያስበው አውቃለሁ። የምነጋገርበት ቀን ግን አለን።

አሁን ጥያቄዬን ላቅርብ፤ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ለክፍል ኃላፊዎቻችን ነው። የዱቲ ሰሌዳ ስታወጡ ከሐኪም ጋር የተጋቡትን እዩልን። የሁለት ክፍል ሰሌዳ ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ ባልና ሚስቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢያንስ አንድ ማታ ሁለቱም ነፃ የሚሆኑበት ቀን ይገኝ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ሰው ሁለት ወረቀት እንዲያስተያይ ነው የሚጠይቀው።

ሁለተኛው ስለ ስልክ ነው። ዱቲ ላይ ያልሆነ ሐኪም የሚደወልለት ለምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ርክክቡ በጽሑፍ ስላልሆነ ነው። በሽተኛውን ያየው ሰው ያወቀውን በቃሉ ይዞት ይሄዳል፤ ተረካቢው ሲቸገር ከመደወል ሌላ አማራጭ የለውም። ርክክባችን ተጽፎ ቢፈረም፣ በየማታው ተጠሪ የሆነው ሲኒየር ስምና ቁጥር ዋርዱ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ጥሪው ወደ ትክክለኛው ሰው ይሄዳል። ለበሽተኛውም የሚሻለው ይህ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከእንቅልፉ ተነሥቶ በስልክ ትእዛዝ ከሚሰጥ ሰው፣ ነቅቶ አጠገቡ የቆመው ይሻለዋል።

ሦስተኛው ለእናንተ ለታናናሾቻችን ነው። ሬዚደንሲ ላይ ሆናችሁ የተጋባችሁ ወይም ልትጋቡ ያሰባችሁ፤ «ስፔሻላይዝ ካደረግን በኋላ እንኖራለን» አትበሉ። ከስፔሻሊቲ በኋላ ሰብ ስፔሻሊቲ አለ፣ ከዚያ በኋላ ኃላፊነት አለ። ምግብ ቤት መሄድም ግዴታ አይደለም፤ ደመወዛችንን እናውቀዋለን። አንድ ሻይ፣ ሁለት ወንበር፣ ጎን ለጎን፣ ስልክ የሌለበት አንድ ሰዓት ይበቃል። የምትወስኑት ነገር ባይኖራችሁም ተቀመጡ። የሚወሰን ነገር የሚመጣው ሳያስጠነቅቅ ነው።

የክፍል ኃላፊዎቻችን ዛሬ አብዛኞቻችሁ እዚህ አላችሁ። ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ገጽ ጽፌ ይዣለሁ፤ ከስብሰባው በኋላ በየእጃችሁ እሰጣለሁ። ገጹ ግርጌ ላይ ለፊርማ ቦታ ትቻለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊርማዎች የእኔና የባለቤቴ ናቸው።